ለኤፍራይን የገዛነው ግጥሚያ

አባቴ ወንድሜን የሚጠራው «ጎሚስታው» እያለ ነበር። «ጎሚስታው መጣ?» ይላል። «ለጎሚስታው ሾርባ አስቀምጪለት።» አልዋሸም፤ ኤፍራይን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢንዲዮ ከተማ መግቢያ ላይ ካለው ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ነው የሚውለው። ግን ከዚያ ሲወጣ ቤቱ አይገባም፣ ጂም ይገባል። ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ ፈቃድ ያለው፣ አፍንጫው ሁለቴ የተሰበረ፣ የስንቱንም አፍንጫ የሰበረ ቦክሰኛ ነው። ይሄን ለአባቴ ስትነግሩት ራሱን ይነቀንቅና «ቦክሰኛ ማለት ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ነው» ይላችኋል። አበቃ። ከዚያ ወዲያ ሙግት የለም።

እንዲህ የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። አባቴ ዶን አታናሲዮ ያደገው ሜክሲኮ ውስጥ፣ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ባለበት መንደር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ ያወጣና መንደሩ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ቦክስ ያያል፤ ያውም በነጻ። በኋላ ድንበር ተሻግሮ እዚህ ኮቼላ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የተምር ዛፍ ላይ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ፣ ያኔ ያያቸውን ቦክሰኞች ስም እንደ ጻድቃን ስም ይደግም ነበር። ልጁም ከነሱ ተራ እንዲቆጠር በዚያው በቴሌቪዥኑ በኩል መምጣት ነበረበት። ኤፍራይን የሚገጥምበት የካዚኖ አዳራሽ ሄዶ እንዲያየው ስንቴ ለመንኩት። «ካዚኖ ጓሮ የሚደባደብ ሰው ለማየት አልሄድም» አለኝ። ኤፍራይን ይሄን ሲሰማ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ነው የሚቀረው።

እኔ ኢርማ እባላለሁ፣ የኤፍራይን ታላቅ ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የአባቴን ቤት የያዝኩት እኔ ነኝ። አፌ አያርፍም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ኤፍራይን ቴሌቪዥን ላይ ያልወጣው መምታት ስለማይችል አይደለም። ቦክስ መምታት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የዋህ ነው። በኛ አካባቢ ትንንሽ አዳራሾች ውስጥ ትኬት የሚሸጠው ራሱ ቦክሰኛው ነው። አንድ እሽግ ትኬት ያሸክሙትና «ሂድ ሽጥ» ይሉታል። ብዙ የሸጠ ልጅ እንደ ሙሽራ ይያዛል፤ ቀላል ተጋጣሚ ይመረጥለታል፣ ፊቱ ፖስተር ላይ ይወጣል። ያልሸጠው የሙሽራው መለማመጃ ይሆናል። ኤፍራይን ደግሞ መሸጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው አጠገብ ይቆምና አንገቱን ደፍቶ «ምናልባት ቅዳሜ ካልተመቸህ ግዴለም...» ብሎ ይጀምራል። ገበያተኛውን «ግዴለም» ብሎ የሚቀበል ነጋዴ የት አይታችኋል? ግማሹን ትኬት በነጻ ያድላል፣ ግማሹን መልሶ ያስረክባል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚገጥመው በሰው ከተማ፣ የሌላ ሰው ስም እየተጮኸ ነው። ያሸነፈውን በነጥብ ሲነጥቁት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አንድ ትልቅ የግጥሚያ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ቡጢህ ጥሩ ነው የኔ ልጅ። ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ አንተን ለማየት የባንክ ካርዱን የሚያወጣ ሰው የለም» አለው።

«አንተስ ምን አልከው?» አልኩት፣ ደሜ እየፈላ።

«ልክ ነህ አልኩት።»

«አፈር ብላ።»

«ታዲያ ልክ አይደለም እንዴ እትዬ? አባዬ እንኳን አያወጣም።»

ካርድ የሚሉት፣ ትልልቅ ግጥሚያ ቤት ሆኖ ለማየት በየግጥሚያው ስለሚከፈል ነው።

ካርድ የሚወጣለትማ ሸበላው ነው። ስሙ ኢቫን ቴራሳስ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም፣ ሁሉም ሸበላው ነው የሚለው። ፀጉሩ ሲገጥም እንኳ አይበተንም። ሴቱ ለመልኩ ይገዛዋል፣ ወንዱ ለአፉ፤ የጠላው ሰው ደግሞ ሲዘረር አያለሁ ብሎ ይገዛዋል። የወደደውም የጠላውም እኩል ነው የሚከፍለው፤ ንግድ ማለት እንዲህ ነው። እጁን እንደሆነ እናውቀዋለን። አንድ ክረምት ኤፍራይንን ለልምምድ ቀጥሮት፣ ሳምንት ሳይሞላ ኤፍራይን አፍንጫውን አደማው። ከዚያ ወዲያ አልጠሩትም። ሥራውን ስለሠራ ከሥራ ተባረረ ማለት ነው።

ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ነው እንግዲህ ስልኩ የተደወለው። ሸበላው ላስ ቬጋስ ላይ ሊገጥም ነው፤ ከፍለው ካልሆነ ቤት ውስጥ የማይታይ ትልቅ ዝግጅት። ለመሙያ የሚሆን ሰው ጎድሏቸዋል። መሙያ ማለት ምን መሰላችሁ፤ ከዋናው በፊት ያሉት ግጥሚያዎች ቶሎ በዝረራ ካለቁና ሰዓት ከተረፈ፣ ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ሁለት ሰዎች ጓንት አጥልቀው ይጠብቃሉ። ክፍተት ከተገኘ ይገባሉ፣ አገር ምድሩ ያያቸዋል። ካልተገኘ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ይገጥማሉ፤ ያኔ ካሜራው ጠፍቷል።

ኤፍራይን ይሄን ሁሉ አባቴ ፊት ቁጭ ብሎ አስረዳው። አባቴ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ቴሌቪዥን ላይ?»

«ሰዓት ከተረፈ ነው አባዬ።»

«እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ሰዓት የሚያጥራቸው? ማስታወቂያ ሲያሳዩ አይደል የሚያመሹት። ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አይታወቅም እያልኩህ እኮ ነው።»

«ሲታወቅ ንገረኝ።»

ሁለት ትኬትም ሰጥተውት ነበር፤ ጣሪያው ሥር። «ኢርማ ትነዳለች፣ ና አብረን እንሂድ» አለው። አባቴ ሳቀበት። «ጣሪያ ላይ ሰቅለውኝ ጉንዳን ሲጣላ ልይ? እቤቴ ሆኜ ፊትህን አቅርቤ አያለሁ።» ትኬቱን የአክስታችን ልጅ ቲኖ ወሰደው።

ኤፍራይን ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። «በዚህ ካየኝ በቃኝ፤ ከዚህ ሌላ ከቦክስ የምፈልገው የለኝም» አለኝ። አሸንፋለሁ እንኳ አላለም። ካየኝ ነው ያለው።

በኛ ሰፈር ትልቅ ግጥሚያ ሲኖር አንዱ ቤት ከቴሌቪዥኑ ይገዛዋል፣ ሌላው ያዋጣል፤ ሥጋውን፣ በረዶውን፣ ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል። መዋጮ ሰብሳቢዋ ሁልጊዜ ጎረቤታችን ቾሌ ናት፤ የልጄ ክርስትና እናት ስለሆነች አበልጄ ናት። የዚያን ቅዳሜ እንደ ልማዷ የባሏን ባርኔጣ ይዛ ልትዞር ስትል አባቴ «ዛሬ መዋጮ የለም» አላት።

«ምነው ዶን አታናሲዮ፣ ሎተሪ ደረሰዎት?»

«ጎሚስታው የሚወጣበትን እኔ ነኝ የምከፍለው።»

ተላጭቶ፣ የእሑዱን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሪሞቱን ከእጄ ተቀበለኝና «ግዛ» የሚለውን ራሱ ተጫነው። ቾሌ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ፤ ቢያንስ እኔ የማሳብበው ሽንኩርት ነበረኝ።

ቤቱ ሞላ። ጎሚስታ ቤት የሚሠሩት ሁሉ መጡ፣ ባለቤቱም ጭምር። የቾሌ ባል ደረቱ ላይ የሸበላው ፊት የታተመበት ካናቴራ ለብሶ ሲገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የመጣኸው?» አልኩት። «ለኤፍራይን ነዋ። ካናቴራው ንጹህ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው» አለ። አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ከፊቱ ማንም እንዲያልፍ አልፈቀደም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በሁለተኛው ዙር አለቀ። አንዱ ልጅ በግንባሩ ተደፋ፣ ቤታችን በሆታ ተናጋ። «ተመስገን» አልኩ።

«ተመስገን ትያለሽ? ልጁ እናት የለውም እንዴ?» አለችኝ ቾሌ።

«ይኖረዋል። አሁን ግን ይተኛልኝ።»

እንዲህ ነበር የሆንነው። ማን ማንን ይምታ ግድ የለንም፣ ብቻ አንዱ ይውደቅልን። ቀጥሎ የገቡት ሁለቱ አንጀታችንን አሳረሩት። ይተቃቀፋሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ደግሞ ይተቃቀፋሉ። አባቴ በዝግታ «ሠርግ ላይ ናቸው» አለ። እስከ መጨረሻው ዙር ሄዱ፤ ከዚያ በኋላም ዳኞቹ ነጥብ ሲደምሩ ዘመን ፈጀባቸው። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ገና ደወሉ ከመደወሉ ተጋጣሚውን ዘረረው። የቾሌ ባል ቢራውን አየር ላይ ረጨው። ሰዓት ተረፈ ማለት ነው። ወዲያው ከቲኖ መልእክት ደረሰኝ፤ «ኤፍራይን ወደ ሪንጉ መግቢያ ላይ ቆሟል፤ ከላይ ይታየኛል።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ቴሌቪዥኑ ሸበላው ከመኪና ሲወርድ አሳየን። ከዚያ ሸበላው ጫማውን ሲያስር። ከዚያ የሸበላው እናት። እሺ፣ እናት ናት። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ቀርቦ ስለ ሸበላው ፀጉር ተጠየቀ፤ ተረጋግቶ፣ ጊዜውን ወስዶ መለሰ። ከዚያ አንድ ዘፋኝ ዘፈነ። የተረፈችውን ሰዓት እንዲህ አድርገው በሸበላው ሞሏት። «አሁን ይሆናል፣ አሁን» ይላል የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት። አባቴ ዓይኑን አልነቀለም። ቲኖ እንደገና ጻፈ፤ «መለሱት። ሸበላው ሰውነቴን አሟሙቄያለሁ፣ ማንንም አልጠብቅም ብሏል አሉ።» ይሄንን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ማንበብም አላስፈለገም፣ ሸበላው በፈረስ ላይ ሆኖ እየገባ ነበር። በነጭ ፈረስ፣ ከነሙዚቀኞቹ፣ እየቆመ ሰው እየሳመ።

«ፈረሱ በዚህ አካሄዱ እስኪደርስ ሁለት ዙር ያልቅ ነበር» አለ አባቴ።

ከዚያ ከተጋጣሚው ጋር አሥራ ሁለቱንም ዙር ሄዱ። ሸበላው ሲሸሽና ሲስቅ፣ ሲሸሽና ሲስቅ አምሽቶ በነጥብ አሸነፈ። ርችት ተተኮሰ፣ ቀበቶውን ታጠቀ፣ ለስፖንሰሮቹ ምስጋና አቀረበ። ስክሪኑ ጠቆረና «እንደገና ለመመልከት ይግዙ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ይኸው ነው?» አለኝ አባቴ።

«አሁን እየገባ ነው አባዬ። ቲኖ ጽፎልኛል።»

«የት ነው የሚገባው?»

«እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነዋ፣ ሪንጉ ላይ።»

«ታዲያ የታለ?» አለና በእጁ ቴሌቪዥኑን አሳየኝ። ራሱ ተነስቶ አጠፋው፣ ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። ሰዉም ወንበር ወንበሩን እያነሳ ወጣ። የቾሌ ባል ካናቴራውን በጃኬት ሸፍኖ ነበር የወጣው፤ እግዜር ይስጠው።

እዚያ የሆነውን ቲኖ ነው የነገረኝ። ኤፍራይን ያን ሁሉ ሰዓት ጓንቱን አጥልቆ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ፣ ሲበርድበት፣ እንደገና ሲያሟሙቅ ቆየ። ሽንቱን እንኳ ለመሽናት ቁምጣውን ያወረደለት አሰልጣኙ ነው። ሪንግ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መውጫው ይጋፋ ነበር። ጥበቃዎቹ ለቀሩት ጥቂት ሰዎች «ከፈለጋችሁ ወደ ታች ውረዱ» አሏቸው። ቲኖ ከጣሪያው ሥር ወርዶ መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ሀብታሞቹ የተነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ላቡ ሲረጭ ይደርሰው ነበር። የአባቴ ትኬት ነው እንግዲህ ያ። «እንደዚያ ሲገጥም አይቼው አላውቅም» አለኝ ቲኖ። በአምስተኛው ዙር በግራ እጁ የተጋጣሚው ጉበት ላይ ሰጠው፤ ሰውዬው ተንበርክኮ ቀረ። ያጨበጨበው በጣት ይቆጠራል።

እሑድ ከሰዓት ኤፍራይን መጣ። ቅንድቡ ተሰፍቷል። አባቴን ጉልበቱን ነካ አድርጎ ተቀመጠ።

«አሸነፍኩ አባዬ።»

«አሉኝ።»

ቲኖ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እንቢ ይላል ብዬ ነበር። መነጽሩን አደረገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ። ከጩኸቱ ይልቅ የሚሰማው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነበር፤ ከኤፍራይን ጀርባ ሰዎች የተጣለ ብርጭቆ በትልልቅ ጥቁር ፌስታል እየለቀሙ ያልፋሉ። ሰውዬው ሲወድቅ እንኳ ቀና ያለ የለም። አባቴ መልሶ ከፈተው፣ ለሁለተኛ ጊዜ አየው።

«ሰው እየገጠመ ለምንድነው የሚጠርጉት?» አለ።

ኤፍራይን ጎንበስ ብሎ አየ። «ሰዓታቸው ደርሶ ነው አባዬ። እነሱም ቤታቸው መግባት አለባቸው።»

አባቴ ስልኩን መለሰልኝ። «ይሄ ስልክ ነው» አለ። አንድ ቃል ቢል ምን ነበረበት? አንድ ቃል። ልጮህበት አፌን ስከፍት ኤፍራይን በዓይኑ ከለከለኝ።

በር ላይ ስንቆም ጓንቱን ዳግም ላያጠልቀው ጂም ትቶት እንደመጣ ነገረኝ።

«እንዲህ አድርገህ አሸንፈህ?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላኝ እትዬ። ካሜራማኑ አጠገቤ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። ከዚያ በላይ አያስጠጉኝም።»

በሳምንቱ መሃል ዜናው ወጣ። ቾሌ ናት ጋዜጣውን ይዛ የመጣችው፤ ሸበላውን ለማየት ይሄን ያህል መቶ ሺህ ቤት ከፍሏል፣ በዓመቱ ከሱ በላይ የሸጠ የለም ይላል። አባቴ «እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችለት። «እኛም እዚያ ውስጥ አለንበት?»

«ሁሉም የገዛ ይቆጠራላ» አለች ቾሌ።

«ደውይ» አለኝ ወደኔ ዞሮ። ለማን አልኩት። «ለሸጡልን ሰዎች።» ደወልኩ፣ ስፓኒሽ የምትናገር ልጅ እስክትመጣ ጠበቅን፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ቅዳሜ ማታ ግጥሚያ ገዝቼ ነበር» አላት።

«አዎ ጌታዬ፣ እዚህ ይታየኛል። የቴራሳስን ግጥሚያ። ምስሉ ተቋረጠብዎት?»

«አልተቋረጠም። የቴራሳስን አልገዛሁም።»

«እንደገዙ ነው የሚያሳየኝ። ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ ነው?»

«ገንዘብ አልጠየቅኩሽም። ለሱ ብለው ገዙ ብላችሁ ከቆጠራችኋቸው ውስጥ እኛን አውጡን። እኔ የገዛሁት ለኤፍራይን ካምፖያ ነው።»

«ለማን?»

«ለኤፍራይን ካምፖያ።»

ስትፈልግ ይሰማናል። «በዕለቱ ዝግጅት ላይ እንዲህ የሚባል ስም የለም ጌታዬ። በመሃል የዘፈነው ልጅ ነው?»

አባቴ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «ዘፋኝ አይደለም። ቦክሰኛ ነው» አለ። «ልጄ ነው። ቦክሰኛ ነው።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሽያጩ አንዴ ተመዝግቧል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለች። አባቴ የለም አላት፣ አመሰገናት።

ማታ ኤፍራይን እጁ እንደጠቆረ ከሥራ መጣ። ወጥ ቤት እጁን ሲታጠብ ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። ውሃውን ዘጋና ቆመ።

«ለማን ነው ያለው?»

«ለስልኳ ልጅ።»

«ታውቀኛለች?»

«የት ታውቅሃለች።»

ፎጣውን ወስዶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ። «ለኔም ይንገረኛ» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። አባቴ ሳሎን ነበር፣ በሩም ክፍት ነው፤ ሰምቶታል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።